ፒያሳ ከፈረሰ በኋላ፦ ለቀሩት አሮጌ ቤቶች ከወዲሁ ምን ይዘጋጅ?

ሰገነት
ሰላም ለሁላችሁ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ፒያሳ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፈረሳ ምን ያህል ፈጣን እንደነበር ሁላችንም አይተናል። ዶሮ ማነቂያ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ፤ ቀጥሎ ካዛንቺስ ተነሣ። ከምኒልክ ዘመን የቀሩ በረንዳቸው የእንጨት፣ ምድር ቤታቸው የድንጋይ የሆኑ ቤቶች አብረው ሄዱ። የብዙዎቹ አንድ ሙሉ የፕላን ሥዕል እንኳ የለም፤ የቀረው በስልክ የተነሣ የፊት ለፊት ፎቶ ነው።

እዚህ የምትጽፉት የሙያው ሰዎች ስለሆናችሁ ጥያቄዬን በቀጥታ ላቅርብ። አንድ ብሎክ ለመንግሥት ግንባታ ተከልሎ በውስጡ አሮጌ ቤት ካለ፣ ኤክስካቫተር እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ምን ማድረግ ይቻላል? በሕግ በኩል የት ይኬዳል? ምን ይለካል? «ፊቱን አስቀርተን ከኋላ አዲስ እንሠራለን» የሚባለውስ በእነዚህ ቤቶች ላይ ይሠራል?

አዲንዳን 37
ከሁሉም በፊት ቤቱ በቅርስ ዝርዝሩ ላይ *የት* እንደተመዘገበ ይታይ። ብዙ አሮጌ ቤት የሚጠፋው መዝገቡና መሬቱ ስለማይገናኙ ነው።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ ካርታ የተሠራው በአዲንዳን ዴተም (የካርታ ነጥብ የሚለካበት መነሻ ሥርዓት) ነው። ስልክም ሆነ ተራ ጂፒኤስ የሚሰጠው ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱም በዩቲኤም ዞን 37 (በሜትር በሚጻፈው የካርታ መረብ) ሲጻፉ ቁጥሮቹ ስለሚመሳሰሉ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ መሬት ላይ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ፒያሳ ላይ 200 ሜትር ማለት ሌላ ብሎክ ማለት ነው። ስለዚህ የዴተሙ ስም ያልተጻፈበት ነጥብ ያለው የቅርስ ቅጽ ዲዛይን ክፍል ሲደርስ ነጥቡ አስፋልት ላይ ወይም ጎረቤት ላይ ያርፋል፤ ዲዛይነሩም «በክልሉ ውስጥ ቅርስ የለም» ብሎ ያልፋል። ክፋት አያስፈልገውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የቤቱን ማዕዘኖች በሙሉ (ቢያንስ አራት) ለኩና ዴተሙን ጻፉ። ቀጥሎ የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን አጥር ማዕዘን ወይም የሐውልት መደብ፣ ምረጡና ከእሱ ወደ ሁለት ማዕዘን ያለውን ርቀት በሜትር አስፍሩ። ኮኦርዲኔቱ ቢሳሳት ርቀቱ ያርመዋል።

ሌላው የአድራሻ ጉዳይ ነው። ቤቱ በደርግ ጊዜ በከፍተኛና በቀበሌ ቁጥር ተመዝግቦ፣ ኋላ ቀበሌዎች ተዋሕደው፣ አሁን በወረዳ ይጠራል። ፋይል ስትጠይቁ ሦስቱንም አድራሻ ይዛችሁ ሂዱ። በአዲሱ ብቻ ከጠየቃችሁ መዝገብ ቤቱ «የለም» ይላችኋል፤ ፋይሉ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ በድሮ ቁጥሩ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ሰገነት
ይህንን አላሰብኩትም ነበር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግቢው ውስጥ ከአንድ በላይ ቤት ሲኖርስ? ዝርዝሩ ላይ የአንድ ሹም ስም ብቻ ነው የሚጻፈው።

አዲንዳን 37
እሱም ትልቅ ቀዳዳ ነው። «የነጋድራስ እገሌ ቤት» ሲባል እልፍኙ፣ አዳራሹ፣ ማድ ቤቱ፣ የበሩ ቤትና የድንጋይ አጥሩ በአንድ ስም ይጠቀለላሉ። ፈረሳው ሲመጣ ትልቁ ቤት ይቆምና ሌላው ይነሣል፤ ትልቁም አጥርና ግቢ አጥቶ መንገድ መሐል ብቻውን ይቀራል። እያንዳንዱን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ለዩና አጥሩን ጨምሮ በአንድ ወሰን ክበቡት። የቬኒስ ቻርተር (እ.ኤ.አ. 1964) ቅርስ ከቆመበት አካባቢ አይነጠልም የሚለውን ማመልከቻው ላይ ማስገባት ይጠቅማል።

ደጀ ሰላም የሕግ
በሕግ በኩል ያለውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

መሠረቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። የማይንቀሳቀስ ቅርስን ከቦታው ለማንሣትም ሆነ ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይመድባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ቤቱ በየትኛው ዝርዝር ላይ ነው የሚለው ነው፦ በከተማው ወይስ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን? እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለሁለቱም ጻፉ፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲመራችሁ ሳምንት ይበላል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ስለ ቤቱ ታላቅነት ሦስት ገጽ ጽፎ በመጨረሻ «አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን» ማለት መልስ አያመጣም። የሚጠየቀው በቁርጥ ይጠየቅ፦ ቤቱ ተመዝግቧል ወይ፣ የምዝገባ ቁጥሩና ወሰኑ ምንድን ነው፣ ለማንሣት ፈቃድ ተሰጥቷል ወይ፣ ከተሰጠ ቀኑና የደብዳቤ ቁጥሩ ስንት ነው፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡና በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉ። ይህ ሳይኖር ፍርድ ቤት ብትሄዱ ጠይቀን ነበር ማለት አትችሉም።

ፍርድ ቤት ከተኬደ ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33(2) ነው፤ በጉዳዩ ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም ይላል። ቅርስ ወዳድ መሆን ብቻውን እዚህ ላይ ይወድቃል። ከቤቱ ተከራዮች ውል ያለው አንድ ሰው፣ ወይም ዓላማው ቅርስ ጥበቃ እንደሆነ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የሰፈረ ማኅበር አብሮ ይግባ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማኅበራትና ቡድኖች ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ አንቀጽ 41(9) መንግሥት ታሪካዊ ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት፣ አንቀጽ 91(2) ደግሞ ይኸው ግዴታ የዜጎችም ጭምር እንደሆነ ይናገራሉ። ሦስቱ አብረው ይጠቀሱ።

ሁለተኛው እንቅፋት ጊዜ ነው። ዋናው ክስ ብቻውን ቤቱን አያቆምም፤ ውሳኔ ሲመጣ ቦታው ላይ አዲስ መሠረት ወጥቶ ታገኙታላችሁ። በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ ማመልከቻ ከክሱ ጋር አብሮ ይግባ፤ በቃለ መሐላ ይደገፍ፤ ቀን ያለበት ፎቶ፣ በግድግዳው ላይ የተደረገው የፈረሳ ምልክትና ከላይ ያልኩት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይያያዝ።

ደግሞም የካሳና የቅርስ ጥያቄን በአንድ ክስ አትቀላቅሉ። ካሳና ምትክ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 በኩል በአቤቱታ ሰሚ አካልና በይግባኝ ሰሚ ጉባኤ የሚታይ ነው። አዋጁ በኋላ ስለተሻሻለ የቅርቡን ቅጂ ያዙ። ቀላቅላችሁ ካቀረባችሁ ተከሳሹ «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» ይላል፤ የቅርሱም ክርክር አብሮ ይወጣል።

የጊዮርጊስ ማዶ
ሁላችሁም ስለ ወረቀትና ስለ ግድግዳ ነው የምታወሩት። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ሰው ይኖር እንደነበር አትርሱ። አንድ እልፍኝ በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ አራትና አምስት ቤተሰብ ይኖርበታል፣ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና አይገባም። መንግሥት ይህንን አንሥቶ ሕዝቡን ኮንዶሚኒየም ሲያስገባ «ቅርስ ፈረሰ» ማለት ውስጡ ላልኖረ ሰው ቀላል ነው። ቤቱን ያጠፋው ኤክስካቫተር አይደለም፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ማንም ሳይጠግነው ራሱ ሞቷል።

ነባር ግንበኛ
ወንድሜ፣ ቤቱን ግማሽ ምዕተ ዓመት ማንም አልጠገነውም ያሉት ትክክል ነው፤ ምክንያቱንም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ ሄዱ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ እዚያው ቆሞ የቆርቆሮና የጥድ ጣውላ ዋጋ ሲወጣ፣ ከቤቱ የሚገኘው ገንዘብ ቤቱን መጠገን አቆመ። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ፣ ቀበሌው በጀት የለኝም ብሎ አለፈው።

ዛሬም የሚጎዳን ይኸው አወቃቀር ነው። የቤቱ ባለቤት መንግሥት፣ የቅርሱ ጠባቂ መንግሥት፣ አዲሱን የሚያስገነባው መንግሥት። ተከራዩ ምትክ ቤት ይሰጠዋል፤ ለግድግዳው የሚከራከር፣ ግድግዳው ሲወድቅ ገንዘብ የሚያጣ አንድም ሰው የለም።

በሌላው ግን አልስማማም። ያረጀ ሁሉ የሞተ አይደለም። እነዚህ ቤቶች የሚበላሹት በታወቀ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የሚሄደው አሸንዳው ነው። ውሃው በግድግዳው ራስ ላይ ይወርዳል፣ የጭቃውን ማያያዣ ያጥባል፣ የወራጁ (የፎቁን ወለል የሚሸከመው እንጨት) ጫፍ ግድግዳው ውስጥ እንደተቀበረ ይበሰብሳል፣ ፎቁ ይጎብጣል፣ ከዚያ በረንዳው ይለያል። አሸንዳና የመውረጃ ቱቦ ከሰኔ በፊት ማስተካከል ከጠቅላላ ጥገናው እጅግ ርካሹ ሥራ ነው፤ ከወራጁ ጫፍ 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር የበሰበሰውን ቆርጦ በአዲስ ጥድ መቀጠልም ጎበዝ አናፂ የሚሠራው ነው። የፍሳሽ መስመርም በመተላለፊያው ስር ይቀበራል እንጂ ሰፈር ማንሣት አያስፈልገውም። አምስት ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ቤት ሁለት ይኑርበት፤ የቀሩት ሦስቱ ኮንዶሚኒየሙን ያግኙ። የሰውም የቤቱም መብት የሚጠበቅበት መንገድ አለ።

የጊዮርጊስ ማዶ
ምክንያቱን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ቤተሰብ የሚለውን እቀበላለሁ፤ ማን ይቀራል ማን ይሄዳል የሚለው ግን ሰፈሩን የሚያጣላ ጉዳይ ነው። ያንን የሚወስን ሥርዓት ሳይኖር ጥገና አይጀመርም።

ነባር ግንበኛ
ልክ ነዎት፤ ያ የግንበኛ ሥራ አይደለም።

ወደ ሰገነት ጥያቄ ልመለስ፤ «ፊቱን ማስቀረት»። መልሱ እንደ ግድግዳው ነው። ማያያዣውን ሳታዩ አትወስኑ። ልስኑን በማይታይ ቦታ 10 በ10 ሳንቲሜትር አንሡ። ከስር ሦስት ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ፦ በጭቃ የተያያዘ ያልተጠረበ ድንጋይ፣ በኖራ የተያያዘ ድንጋይ፣ ወይም የእንጨት ማገርና ወጋግራ ላይ የተመረገ ጭቃ። በአንድ ቤት ላይ ሁለቱ መኖራቸው የተለመደ ነው፤ ምድሩ ድንጋይ፣ ፎቁ ጭቃ።

በኖራ ወይም በሲሚንቶ የተያያዘ፣ በተለይ በጣሊያን ጊዜ (1928–1933) የተሠራ የተጠረበ ድንጋይ ከሆነ ፊቱን ማቆም ይቻላል። ቅድመ ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው። የብረት ድጋፉ ወለሎቹ *ከመነሣታቸው በፊት* ይተከል፤ ድጋፉ የራሱ መሠረት ይኑረው፤ ግድግዳው በየወለሉ ከፍታ ከሁለቱም ወገን ይያዝ፤ የመስኮትና የበር ክፍተቶች በእንጨት ይሞሉ። ሥራው ቀርፋፋና ውድ ነው፤ ተቋራጩ ጨረታው ላይ ካልገባለት መሐል ላይ «አደጋ አለው» ብሎ ይጥለዋል።

በጭቃ የተያያዘውን ግን ለብቻው አታቁሙት። ያ ግድግዳ ወፍራም ቢመስልም የቆመው ወራጆቹ ከዚያኛው ግድግዳ ጋር ስላሰሩትና ጣሪያው ከላይ ስለተጫነውና ከዝናብ ስለጋረደው ነው። ጣሪያው ተነሥቶ አንድ ክረምት ካለፈበት የውስጡ ጭቃ ይረጥብና ሁለቱ ገጾች እየተለያዩ ይነፋሉ። በዚህ ዓይነት ቤት ምርጫው ሁለት ነው፤ ሙሉውን ከነጣሪያው ማቆየት ወይም ሙሉውን ለክቶ በሥርዓት መፍታት።

ሌላው ገዳይ የጎረቤት ቁፋሮ ነው። አዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ካለው፣ ከአሮጌው መሠረት ግርጌ በ45 ዲግሪ ወደታች መስመር አስምሩ፤ ቁፋሮው ከዚያ መስመር በታች የሚገባ ከሆነ ደጋፊ ግንብ ሳይሠራ አይጀመር። ለመንገድ ሥራ ደግሞ ሮለሩ በቤቱ አጠገብ ሲያልፍ ንዝረቱን አጥፍቶ በክብደቱ ብቻ ይጠቅጥቅ። የጀርመኑ መለኪያ ዲን 4150 ለእንዲህ ያሉ ስስ ሕንፃዎች በመሠረቱ ላይ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ከ3 ሚሊሜትር በሰከንድ አይለፍ ይላል። መሣሪያ ባይኖር በእያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ ትንሽ የጂፕሰም ድልድይ ለጥፉና ቀን ጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ለተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ የሚቀርብ ማስረጃ ነው።

ቱንቢ
የመለካቱን ሥራ እኔ ልያዘው።

ለባለ አንድ ፎቅ ቤት ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ሜትር ይይዛል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። የሚያዘው የ30 ሜትር እና የ5 ሜትር ሜትር፣ ሌዘር ሜትር፣ ቱንቢ፣ ወደ 10 ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ጠመኔ፣ ኤ3 ወረቀት ከሰሌዳ ጋር፣ ባትሪ መብራትና የራስ ቁር ነው።

መጀመሪያ በእጅ ንድፍ ይሣላል፤ ልክ ከዚያ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል አራቱ ግድግዳና *ሁለቱ ሰያፎች* ይለካሉ። ሰያፉን የተወ ሰው ቢሮ ገብቶ ክፍሉን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አድርጎ ይሥላል፤ በእነዚህ ቤቶች አንድም ክፍል ቀጥ ያለ አይደለም፣ ስሕተቱም ውጭ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ረጅም ግድግዳ ላይ ከአንድ ዜሮ ተነሥታችሁ ሜትሩን ሳታነሡ እያንዳንዱን መስኮትና በር አንብቡ፤ ቁርጥራጭ ለክቶ መደመር ስሕተት ያጠራቅማል። የግድግዳውን ውፍረት በበርና በመስኮት ክፍተት ላይ ለኩ።

ለከፍታ ከምድር ቤቱ ደፍ 1 ሜትር ከፍ ብላችሁ በጠመኔ መስመር አስምሩ፤ መስመሩን በውሃ ቱቦው ቤቱን ዙሪያ አዙሩት። ቱቦው ውስጥ አንድ የአየር አረፋ ከቀረ መስመሩ ሲዞር ከተነሣበት አይገጥምም፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ መግጠሙን ሳታረጋግጡ አትቀጥሉ። ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚለካው ሁሉ ከዚህ መስመር ነው።

ፕላኑ በ1፡50፣ በረንዳው በ1፡20፣ የተፈለፈለው የጣሪያ ጠርዝ ጌጥ ካርቶን ላይ ተደግፎ በእርሳስ በቁመናው ልክ ይቀዳ። ኮርኒሱ ላይ ውጡ። ብዙ ጊዜ ከአቡጀዴው በላይ ያለው የጣሪያ እንጨት ማንም ያልነካው ነው፤ የአናፂው መገጣጠሚያ፣ የሚስማሩ ዓይነት፣ የመጋዙ ምልክት እዚያ አለ። ቤቱ ስንት ጊዜ እንደተቀጠለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሰገነት
በስልክ ፎቶ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል መሥራትስ?

ቱንቢ
በደንብ ይሠራል፣ ሥርዓቱ ከተጠበቀ። ፎቶዎቹ እርስ በርሳቸው ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደራረቡ። ዙሙን አትንኩ፤ ሰፊ የሚያሳየውን ሌንስም ተዉት፣ ጠርዙን ያጣምመዋል። ደመና ያለበት ሰዓት ይመረጣል። ግድግዳውን ትይዩ ሆናችሁ በሦስት ከፍታ እለፉ፣ ማዕዘን ላይ ስትደርሱ በትንሽ በትንሹ እየዞራችሁ አንሡ። ቢያንስ ሦስት ምልክት ለጥፋችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ፤ ያለዚያ ሞዴሉ ቅርጽ እንጂ መጠን አይኖረውም። ቀጭን የበረንዳ ምሰሶና መስታወት ላይ ይከሽፋል፤ እነሱን በእጅ ለኩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታንሡ፣ ያስጠይቃል፤ ስልኩን 5 ሜትር ዘንግ ላይ ማሰር ለአንድ ፎቅ ይበቃል። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከሕንፃ ኮሌጅ የትብብር ደብዳቤ ሳትይዙ አትግቡ፤ በፈረሳ ቦታ ፎቶ ማንሣት ጥያቄ ያስነሣል።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፦ ጠዋት የውጭው ፎቶ በሙሉ፣ ከዚያ አንድ ፕላን ከነሰያፉ፣ አንድ ቁመት፣ ጊዜ ከተረፈ በረንዳው። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ከግድግዳው የጭብጥ ያህል ማያያዣ በላስቲክ ከረጢት፣ ከየት እንደተነሣ ተጽፎበት ይውሰድ። ቀለሙን በምላጭ ደረጃ በደረጃ ፋቁና ፎቶ አንሡ፤ የመጀመሪያው ቀለም ከስር ነው።

ከፍተኛ አንድ
ቤቱን ፈታችሁ ለሌላ ቦታ ማቆየት ይቻላል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አስቡ። ለቀላል ባቡሩ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠና በ2008 ወደ ቦታው ተመለሰ። ሆነ፣ ምክንያቱም የሚመለስበት ቦታ የታወቀ ነበር፤ የሚጠብቀው አካል የታወቀ ነበር፤ ሕዝቡም ቀን እየቆጠረ ይጠይቅ ነበር። ለቤት እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ በወረቀት ካልተያዙ መፍታት ማለት ማፍረስ ነው።

ነባር ግንበኛ
ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የቤቱን ልዩነት ልጨምር። ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ የተሠራን ግድግዳ ቁጥር እየሰጡ መፍታት ትርጉም የለውም፤ ድንጋዩ ቅርጽ ስለሌለው ተመልሶ አይገጥምም። ቁጥር የሚሰጠው ለማዕዘን ድንጋይ፣ ለቅስት፣ ለመስኮት ደፍና ለደረጃ ነው፤ ቁጥሩም ከሚታየው ፊት ላይ ሳይሆን ከሚቀበረው ጎን ላይ ይጻፍ። እንጨቱ ሁሉ ይፈታል። በርና መስኮት ከነመቃኑና ከነማጠፊያው አንድ ላይ ይታሰር፤ መቃኑ ተጥሎ መዝጊያው ብቻ ከተቀመጠ ዋጋ የለውም። በቀለም የተጻፈ ቁጥር ክረምት አይሻገርም፤ ቁጥሩ የተበሳበት የአሉሚኒየም ቁራጭ በሽቦ ይታሰርበት። ማስቀመጫው ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ ጣሪያ ያለው፣ ነፋስ የሚገባው ይሁን፣ አለበለዚያ ምስጥ ይጨርሰዋል።

ከሁሉ በላይ የአፍራሹ ውል ላይ የሚወጣው ዕቃ የማን እንደሆነ ይጻፍ። አፍራሹ ከሚወጣው ዕቃ የሚጠቀም ከሆነ በሩም ጣውላውም በዚያው ሳምንት ምናለሽ ተራ ይገኛል። ሕገ ወጥ አይደለም፤ ውሉ ፈቅዶለታል።

ኖራ
ስለቆሙትም እንነጋገር፤ ከፈረሳው ያመለጡት በእድሳት እየሞቱ ነው። የጭቃና የኖራ ግድግዳ እርጥበት ከመሬት ይስባል፣ በልስኑ በኩል ይተነፍሳል። ላዩ በሲሚንቶ ሲለሰንና ኳርትዝ ወይም ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ መተንፈሻው ይዘጋል። ውሃው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሄዳል፣ የወራጁ ጫፍ ጋ ይደርሳል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው በሰፊ ቅርፊት ሲነሣ ጭቃውንም ይዞ ይወርዳል፤ ያኔ «ቤቱ አደገኛ ነው» የሚል ሪፖርት ይጻፍበታል። በመንገድ ዳር የቀሩት ሕንፃዎች አንድ ዓይነት ቀለም እንዲቀቡ ሲታዘዝ ይህንን የሚያነሣ ባለሙያ መኖር አለበት።

ትክክለኛው ሥራ ለድንጋዩ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ነው። ኖራው ቀደም ብሎ ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ ሳይበርድ የተለሰነ ኖራ ግድግዳው ላይ ይፈነዳል። ሲለሰን ቀጭን ቀጭን ሆኖ በደረጃ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ፀሐይ ሳያገኘው ይድረቅ። ለጭቃው ግድግዳ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ ሳምንት ይክረም፣ በየመሐሉ ይረገጥ። ላዩ በኖራ ውሃ ይቀባ። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ተቋራጮች የማይወዱት ለዚህ ነው። ግን ቤቱን መቶ ዓመት ያቆየው ይኸው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ ብዙ ቤተሰብ ከ1967 በፊት የተነሣ የሰርግና የክርስትና ፎቶ አለው፤ ከሙሽሮቹ ጀርባ በረንዳው፣ ደረጃው፣ የበሩ ቅርጽ ይታያል። ለእናንተ ይጠቅማል? እንዴት እናዘጋጀው?

ቱንቢ
እጅግ ይጠቅማል፣ እህቴ። የጠፋ በረንዳ ቁመት ከአንድ የሰርግ ፎቶ ይወጣል፤ በሩ ዛሬም ቆሞ ከሆነ ልኩን እንይዝና ፎቶው ላይ ያለውን ሌላውን በእሱ እናሰላለን። በስካነር በ600 ዲፒአይ፣ በቲፍ ፋይል ይቀዳ፤ ስልክ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነጸብራቅ ይፈጥራል። *ጀርባውንም* ስካን አድርጉ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ እዚያ ነው። አትከርክሙ፣ ቀለሙን አታስተካክሉ። ማን፣ የት፣ በስንት ዓመት የሚለውን አዋቂዎቹ በሕይወት እያሉ ጻፉ፤ ሰፈሩን በድሮ ስሙ። የሰዎቹን ስም ይፋ ማድረግ ካልፈለጋችሁ ለማኅደሩ ብቻ ይሁን በሉ፣ ይቻላል።

ሰገነት
የተለካውና የተቀዳው ሁሉ በመጨረሻ የት ይቀመጥ? አንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ቀርቶ እንዳይጠፋ።

አዲንዳን 37
ሦስት ቦታ። አንዱ ቅጂ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አንዱ ሕንፃ ኮሌጅ፣ አንዱ ለከተማው ባህል ቢሮ። ሦስቱም በሸኚ ደብዳቤና በገቢ ቁጥር ይግቡ፤ ለባህል ቢሮው የምትሰጡት ከምዝገባ ጥያቄ ጋር ይሁን፣ ምክንያቱም ፕላን፣ ወሰንና ፎቶ ተሟልቶ የቀረበለትን ቤት «መረጃ የለንም» ብሎ መመለስ አይችልም። የፋይሉ ስም ወረዳ፣ ብሎክ፣ ሕንፃ፣ ፎቅ፣ ክፍል፣ ግድግዳ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ሥዕሉን በፒዲኤፍም በዲኤክስኤፍም (የንድፍ ሶፍትዌር የሚከፍተው ፋይል) አስቀምጡ፤ ዲኤክስኤፉ በቀጥታ በዲዛይን ክፍሉ ካርታ ላይ ያርፍለታል። ዴተሙ የተጻፈበት ከሆነ።

ሰገነት
ግልጽ ነው። ከጊዮርጊስ ወደ ሠራተኛ ሰፈር ባለው በኩል ከቀሩት ቤቶች እንጀምራለን፤ ለመለካት ሁለት ሰው አለን፣ ሦስተኛ የሚያነብ ሰው እንፈልጋለን። ክረምቱ ሳይገባ ነው መግባት ያለብን፤ የምትችሉ እዚሁ ክር ላይ ጻፉ።

ቱንቢ
ቅዳሜ ጠዋት እኔ አነባለሁ። ቱቦውንና ሌዘሩን ይዤ እመጣለሁ፤ የራስ ቁርና ኤ3 ሰሌዳ እናንተ ያዙ።